ግጥም ሳይኖረው የሚናገር ዜማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሳምንት በአዳራሹ ውስጥ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንነግራችሁ የተነሣነው ስለ አራት አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ነው። የሙዚቃ ጓዳቸው «ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በሰማይ ላይ የሚፈነዱ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ጦርነት ወይም ሁከት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም፤ ጥቂት ቆይተን እንደርስበታለን። እነዚህን ሰዎች የመረጥናቸው ዝነኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ከእነርሱ ይልቅ ስማቸው የገነነ ብዙ አሉና። የመረጥናቸው በክፍላችን ውስጥ ትልቅ ክርክር ስላስነሡ ነው።

ክርክሩም ይህ ነው። ግጥም የሌለው፣ ዘፋኝም የሌለው ሙዚቃ የተፈጸመ ሥራ ነውን? ወይስ ባለቤቱን የሚጠብቅ ግማሽ ነገር ነው? ከመካከላችን እኩሌቶቹ፣ ዘፈን ማለት ግጥሙ ነው፤ ዜማውማ ልብሱ ነው ብለው ተሟገቱ። ምክንያትም አላቸው። እኛ አዝማሪ ሲዘፍን ጆሯችንን የምናቀናው ወደ ቃሉ ነው፤ ከሰሙ ወደ ወርቁ ለመድረስ ስንጣደፍ መሰንቆውን እንረሳዋለን። የቀረነው ደግሞ፣ እረኛ በዋሽንት ሲጫወት ቃሉ የት አለ ብሎ ማን ጠይቆት ያውቃል ስንል መለስን። ነገሩ በዚያ ቀን አልተቋጨም። ዛሬም እኛ ዳኛ ልንሆን አልመጣንም፤ አንድ ምስክር ይዘን መጣን እንጂ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከአራቱ ሦስቱ፣ ይኸውም ማይክል ጄምስ፣ ሙናፍ ራያኒና ማርክ ስሚዝ፣ ከምዕራብ ቴክሳስ ከሚድላንድ ከተማ የወጡ ናቸው። አገሩ እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዛፉ ጥቂት፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። ሀብቱ ያለው ከመሬት በታች ነው፤ የነዳጅ ዘይት ነው። የዘይቱ ዋጋ ሲወጣ ከተማው ይጠግባል፤ ሲወርድ ይራባል። በ1983 ዓ.ም. እንኳ ፈርስት ናሽናል የተባለው የከተማው ባንክ ከሥሮ እስከ መዘጋት ደርሷል። ልጆቹ ከዚህ ሜዳ ተነሥተው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ኦስቲን መጡ። ኦስቲን የግዛቱ ዋና ከተማ ስትሆን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለባት፣ በሙዚቃም የታወቀች ናት።

አራተኛው ክሪስ ህራስኪ ከበሮ መቺ ነው፤ የመጣውም ከሰሜን፣ ከኢሊኖይ ግዛት፣ ከሮክፎርድ ከተማ ነው። ኦስቲን እንደ ደረሰ በአንድ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ማስታወቂያ ለጠፈ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ፣ ኀዘንም ድልም አብሮ ያለበት የሮክ ሙዚቃ ጓድ እፈልጋለሁ የሚል ነበር። ይህችው ማስታወቂያ ከሦስቱ የሚድላንድ ልጆች ጋር አገናኘችው። በእኛ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ስለ እነርሱ የተጻፈው ምስጋናና ነቀፌታ ሁሉ ከዚህች ብጣሽ ወረቀት የበለጠ ነገር አልተናገረም። ኀዘንና ድል በአንድ ጊዜ! አንዱ ከሌላው ተነጥሎ ቢሆን ኖሮ ሙዚቃቸው ወይ ልቅሶ ወይ ፉከራ ሆኖ በቀረ ነበር።

ጓዱ የተቋቋመው በ1999 ነው። በመጀመሪያ ከአንድ የአውስትራሊያ ፊልም ስም ወስደው «ብሬከር ሞራንት» ተባሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ቀን አሜሪካኖች የነጻነት በዓላቸውን ሲያከብሩ በኦስቲን ሰማይ ላይ ርችት ይተኰስ ነበርና ህራስኪ ያን አይቶ የተናገረው ቃል ስም ሆኖ ቀረ። እንግዲህ በሰማይ የሚፈነዳው ቦምብ ሳይሆን የበዓል ርችት መሆኑን ወላጆቻችን ልብ ይበሉልን።

የሚጫወቱት የሙዚቃ ዓይነት «ፖስት ሮክ» ይባላል፤ ከሮክ በኋላ የመጣ ለማለት ነው። ቃሉን በ1994 ያስለመደው ሳይመን ሬይኖልድስ የተባለ እንግሊዛዊ የሙዚቃ ጸሐፊ ነው። የሮክን መሣሪያ ይዞ ሮክ ያልለመደውን መሥራት ማለት ነው። በካናዳ በሞንትሪያል፣ በስኮትላንድ በግላስጎው፣ በአሜሪካም በቺካጎ በዚህ መንገድ የሄዱ ጓዶች ከእነርሱ ቀድመው ነበሩ።

አሠራሩን ላልሰማው ሰው በቃል መግለጽ አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም እንሞክረው። አንዱ ጊታር ብቻውን ይነሣል፤ ነጠላ ነጠላ ድምፅ እያወጣ፣ በገደል ማሚቶ እንደሚመለስ ጥሪ እየተደጋገመ ይሄዳል። ሁለተኛው ጊታር ይመልስለታል፤ ሦስተኛውም ይገባል። ከበሮው በመጀመሪያ እንደ ሰልፍ ከበሮ በቀስታ ይንኳኳል። ደቂቃዎች ያልፋሉ። ድምፁ እየተደራረበ፣ እየከበደ፣ እየፈጠነ ሄዶ በመጨረሻ ክረምት እንደ ሞላው ወንዝ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ድንገት ዝም ይልና የመጀመሪያው ጊታር ብቻውን ይቀራል። አንዱ ዜማ ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የሚዘፍን ሰው የለም። ስለዚህ መድረክ ላይ ከፊት የሚቆም አለቃ፣ ከኋላ የሚከተል አጃቢ የሚባል ነገር የለም። ድርሰቱም የሚመዘገበው በአራቱም ስም ነው።

የመጀመሪያ ሥራቸውን በ2000 ዓ.ም. ያወጡት በሲዲ ሲሆን የተባዛው 300 ቅጅ ብቻ ነበር። በኦስቲን የሚኖሩ አሜሪካን አናሎግ ሴት የተባሉ ሌሎች ሙዚቀኞች ሥራቸውን ሰምተው ቴምፖራሪ ሬዚደንስ ለተባለ አሳታሚ ላኩላቸው፤ አሳታሚውም ተቀበላቸው። ጐረቤት ለጐረቤት እንዲህ ሲያደርግ ማየት ደስ ይላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ቅናት እንደሚበዛ እንሰማለንና። በ2001 የወጣው ሁለተኛው ሥራቸው «እውነት የሚናገሩ ይሞታሉ፤ እውነት የሚናገሩ ለዘለዓለም ይኖራሉ» የሚል ረጅም ርእስ አለው። በዚህ ሸክላ ላይ የሰው ንግግር የሚሰማበት አንድ ክፍል አለ፤ ቃሉ ግን የእነርሱ አይደለም። በ1998 ከታየው «ዘ ቲን ሬድ ላይን» ከተባለው የጦርነት ፊልም የተወሰደ ነው።

ስማቸውን ያስጠራው በ2003 የወጣው ሦስተኛው ነው፤ ርእሱ «ምድር ቀዝቃዛና ሙት ስፍራ አይደለችም» ይላል። አምስት ዜማ ብቻ ይዟል። እዚህ ላይ ስለ ርእሶቻቸው አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ግጥም ስለሌላቸው የሚሰጡን ቃል ርእሱ ብቻ ነውና። አንዱ «ከረጅም ሰመመን በኋላ የመጀመሪያው እስትንፋስ» ይባላል፤ ሌላው «ብቻችንን የሆንባት አንዲት ቅጽበት» ነው። የመጨረሻው ስም በእንግሊዝኛ፣ ያንተ ወይም ያንቺ እጅ በእኔ እጅ ውስጥ ማለት ነው። ይህን ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንሞክር ተቸገርን። እንግሊዝኛው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ የእኛ ቋንቋ ግን «እጅህ» ወይም «እጅሽ» ብለን እንድንቈርጥ ያስገድደናል። አንዱ ጓደኛችን «እጅሽ በእጄ» ብሎ የፍቅር ዘፈን አደረገው። ሌላዋ «እጅህ በእጄ» አለችና አባቷ ልጅ ሳለች መንገድ ሲያሻግራት እንደሚታያት ነገረችን። ዜማው ሁለቱንም አልከለከለም። እኛም ቃል አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን እንደሚዘጋ በዚያ ሰዓት አየን።

አሁን ከሁሉ አብልጦ ወደ ነካን ነገር ደረስን። ከሚድላንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኦዴሳ የምትባል ሌላ የዘይት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ፐርሚያን የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በ1988 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ የኳስ ቡድን ያሳለፈውን ወራት ኤች. ጂ. ቢሲንገር የተባለ ጋዜጠኛ እዚያው ሄዶ ኖሮ ጻፈው፤ መጽሐፉም በ1990 ታተመ። ስሙ «የዓርብ ማታ መብራቶች» ነው፤ ተማሪዎቹ የሚጫወቱት ዓርብ ማታ በመብራት ነውና። ኳሱ የእኛ እግር ኳስ አይደለም፤ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። በ2004 ፒተር በርግ የተባለ አዘጋጅ ታሪኩን በፊልም ሲሠራው የፊልሙን ሙዚቃ በብዛት የሠሩት እነዚሁ አራቱ ሰዎች ናቸው። ሦስቱ ትተውት የወጡት ሜዳ በሥራ በኩል መልሶ ጠራቸው ማለት ነው።

ታሪኩ የማን ነው ቢሉ የእኩዮቻችን ነው። የ17ና የ18 ዓመት ልጆች ናቸው፤ የመጨረሻ ዓመታቸውን የሚማሩ። ከተማው በሙሉ ሸክሙን በእነርሱ ትከሻ ላይ ጭኗል፤ ነጋዴው፣ አባትየው፣ መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ አሸንፉ እንጂ እንዴት ሰነበታችሁ አይላቸውም። ከሁሉ የላቀው ተጫዋች ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ተስፋው ሁሉ ይወድቃል። በፊልሙ መጨረሻ የሚሸነፉትም ለጥቂት፣ ግቡ ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው። ከዚያ በኋላ ልብሳቸውን መልሰው፣ ተሳስመው በየፊናቸው ይሄዳሉ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ጩኸት ሞልቶአል፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ አሠልጣኙ ይጮኻል። ሙዚቃው ግን አይጮኽም። ሜዳውንና ሰማዩን ሲያሳይ፣ ልጆቹም ዝም ብለው በመኪና ሲሄዱ ጊታሮቹ በቀስታ ይናገራሉ። ዘፋኝ ገብቶ «አይዟችሁ» ወይም «ወዮላችሁ» ቢል ኖሮ እኛ ተመልካቾች በታዘዝነው መሠረት እናዝን ወይም እንደሰት ነበር። አሁን ግን ማንም አላዘዘንም። እኛ ይህን ፊልም ያየነው የመጨረሻ ፈተናችን ሲቃረብ ነው፤ ከጓደኞቻችን ማን የት እንደሚመደብ በማናውቅበት ጊዜ። ካየን በኋላ ማንም ተነሥቶ ለመናገር አልፈለገም። በክርክሩ ከግጥም ወገን የቆሙት እንኳ ዝም አሉ፤ ዝም ማለታቸውን ለእኛ ወገን ማስረጃ አድርገን መዝግበነዋል።

በ2005 ያወጡትን ሥራ ክፍሎች «አንደኛ ቀን፣ ሁለተኛ ቀን» እያሉ እስከ «ስምንተኛ ቀን» ሰየሟቸው። በ2007 ሌላ ሸክላ አወጡ፤ ርእሱ «በድንገት ሁሉም ሰው ናፈቀኝ» ነው። በውስጡ «የምትመለሰው ወደ ምንድን ነው?» የሚል ስም ያለው ዜማ አለ። በ2011 የወጣው ደግሞ ማኅደሩ ሲዘረጋና ሲታጠፍ ትንሽ ቤት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ይህን ስንሰማ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ከሩቅ አገር መጥቶ ዓመቱን በሙሉ በመንገድ ለሚኖር ሰው ቤት በወረቀትም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ነቀፌታም አለባቸው፤ ልንደብቀው አይገባንም። ቀስ ብሎ ጀምሮ በነጐድጓድ መጨረስን ደጋግመውታል። አምስተኛውን ዜማ የሚሰማ ሰው ማዕበሉ መቼ እንደሚመጣ በጣቱ ቈጥሮ ሊነግራችሁ ይችላል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰዎች አርአያቸውን ተከትለው ስለ ሠሩ አዲስነቱ ተበልቷል። በ2006 ተጀምሮ እስከ 2011 የታየው፣ በዚያው በኦዴሳው ታሪክ ላይ የተመሠረተው የቴሌቪዥን ድርሰት መግቢያ ዜማ የእነርሱ እየመሰላቸው የሚያመሰግኗቸው አሉ፤ የደረሰው ግን ስናፊ ዋልደን የተባለ ሌላ ሰው ነው። ሰው የራሱን መንገድ ሌላው ሲሄድበት ሲያይ ወይ መንገዱን ይለውጣል ወይ ይቀመጣል። እነርሱ በ2016 «ምድረ በዳ» በተባለው ሥራቸው ለወጡ፤ ዜማዎቹ አጠር አሉ፤ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ በረከተ፤ የሚጠበቀው ማዕበል አንዳንዴ ሳይመጣ ይቀራል። ከእኛ መካከል ይህን የማይወዱ አሉ፤ እኛ ግን ማርጀትን ከመጠበቅ ይህ ይሻላል እንላለን። በ2021 በምዕራብ ቴክሳስ ስላለው ስለ ቢግ ቤንድ የዱር አገር ለተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ሙዚቃ አወጡ። እንደገና ወደዚያው ምዕራብ!

በ2023 ያወጡትን ሥራ «መጨረሻ» ብለው ሰየሙት። ወዳጆቻቸው ሁሉ ሊለያዩ ነው ብለው ደነገጡ። አልተለያዩም። በ2025 ያው ፒተር በርግ ስለ ጥንቱ የአሜሪካ ምዕራብ ለሠራው የቴሌቪዥን ድርሰት ሙዚቃውን የሠሩት እነርሱ ናቸው። መድረክ ላይ የሚረዳቸው አንድ ሰው ይጨመር እንጂ በ1999 የተሰበሰቡት አራት ሰዎች ከ25 ዓመት በኋላም ያው አራቱ ናቸው፤ አንድም አልወጣ፣ አንድም አልተተካ። በዚህ ሥራ ውስጥ ይህ እጅግ የማይገኝ ነገር ነው። ምክንያቱን እንድንናገር ብንጠየቅ፣ ከፊት ቆሞ ክብሩን ሁሉ የሚወስድ ዘፋኝ ስለሌላቸው ነው እንላለን፤ መምህራን ግን የተሻለ ምክንያት ካላቸው ከንግግሩ በኋላ ቢነግሩን እንወዳለን።

ክርክሩን ለማስጨረስ አሁን ያን ስሙን ለመመለስ ያቃተንን ዜማ እናሰማችኋለን። ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አጀማመሩ በጣም ቀስ ያለ ስለ ሆነ ከኋላ የተቀመጣችሁ ጓደኞቻችን ወንበር እንዳታንቀሳቅሱ፣ በበሩ አጠገብ ያላችሁም በሩን እንድትዘጉልን በትሕትና እንለምናለን።