ሥልጣን ከተያዘ በኋላ፤ ናፖሌዎንና ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ናፖሌዎን ቦናፓርት በትምህርት ቤት የተማርነው አብዛኛው የጦርነት ታሪክ ነው። አውስተርሊትዝን፥ የሩሲያን በረዶ፥ ዋተርሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ዛሬ ግን መድፉን ትተን ወደ መዝገብ ቤቱ እንግባ። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ አገር ከታወከ በኋላ ቀድሞ በመድረስ ሥልጣን የያዘ ሰው፥ በያዘው ላይ የሚጸናው በምን ዘዴ ነው? ለዚህም ከፈረንሣዩ ገዥ ጎን የአገራችንን ሰው፥ የሸዋውን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አቆማለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ፈረንሣይን የሚያህል አገር ከሸዋ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መጠኑ አይመሳሰልም፤ ችግሩ ግን ይመሳሰላል። ናፖሌዎን በ1799 ጦሩን ግብፅ ላይ ትቶ ወደ ፓሪስ ገሠገሠና፥ በኅዳር ወር ዲሬክቷር የተባለውን የአምስት ሰዎች መንግሥት አፍርሶ ቀዳማዊ ቆንስል ሆነ። ሣህለ ሥላሴም በ1813 አባቱ ራስ ወሰን ሰገድ ሲገደሉ የዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል ወጣት ነበረ፤ በሰላ ድንጋይ ገዳም ይማር ነበር። ታላቅ ወንድሙ በኩሬ በመርሐ ቤቴ ተከታዮቹን ሲሰበስብ ጊዜ አለፈበት። ታናሹ በእናቱ በወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የመንዝ ዘመዶች ታግዞ ፈጥኖ ቁንዲ ገባና አልጋውን ያዘ። በኩሬ ሲደርስ የጠበቀው የጎንጮ እስር ቤት ነው።

እንግዲህ ሁለቱም መብታቸው ያጠራጥር ነበር። የንጉሥ ዘር ላልሆነው ናፖሌዎንም፥ የበኩር ልጅ ላልሆነው ሣህለ ሥላሴም፥ ሕዝቡ «ለምን ይኼ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚጠቅመው ነገር ማሳየት ግድ ሆነ።

ሣህለ ሥላሴ በመጀመሪያ ለተጉለት ዐመፀኞች ብዙ ተስፋ ሰጥቶ አበረዳቸው። የአብቹ ኦሮሞዎች አቃጥለዋት የነበረችውን ደብረ ብርሃንን እንደገና ሠራ፤ ከአብቹዎችም በወሰደው ምድር እንደ አንጎለላ ያሉ የተመሸጉ ከተሞች ቆረቆረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ ጎንደር ያለውን ንጉሠ ነገሥት ሳያስፈቅድ ራሱን ንጉሥ አሰኘ። ናፖሌዎንም ተሰደው የነበሩትን መኳንንት በ1802 በምሕረት መለሰ፤ በዚያው ዘመን ግን በ1800 ከፓሪስ ጋዜጦች አብዛኞቹን ዘግቷል። ምሕረቱንና መዝጊያውን ለያይቶ የሚያመሰግን ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ይዟል።

ወደ አስተዳደሩ ስንመጣ ናፖሌዎን በ1800 ለየአውራጃው ፕሬፌ የሚባል ሹም ሾመ። ፕሬፌው ከላይ ተሹሞ የሚመጣ፥ ደመወዙ ከግምጃ ቤት የሚከፈለው፥ ነገ ወደ ሌላ አውራጃ የሚዛወር ሰው ነው። በሸዋ ግን ሹመቱ የተመሠረተው በንጉሡና በሹሙ መተዋወቅ ላይ ነበር። ይፋትን ብንመለከት፥ ንጉሡ የአገሩን የእስላም ባላባት ወላስማ መሐመድን አበጋዝ አድርጎ አስቀመጠው፤ የጎንጮ እስረኞችም ጠባቂ እርሱ ነበር። ብልህ አሠራር ነው። የንግድ መንገዱን የሚያውቀው እርሱ ነው፤ የክርስቲያን መሳፍንቱ ጠብ ደግሞ አይነካውም። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ንግድም በአልዩ አምባ ገበያ በኩል ስለሚያልፍ፥ ጨው ለሚጭነው ሁሉ በሩ የንጉሡ ነበር። ከውጭ የመጣ እንግዳም ሳይፈቀድለት አንኮበር አይወጣም። ጠመንጃውን ደግሞ ንጉሡ በራሱ እጅ አከማቸ፤ በ1841 ከእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ፥ በ1843 ከፈረንሣዩ ሮሼ ዴሪኩር ጋር የወዳጅነት ውል ሲፈራረም ዓይኑ ከመሣሪያው አልተነሣም።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ነገር ጎተራው ነው። ንጉሡ ግብሩን በአብዛኛው በዓይነት ይቀበል ነበርና፥ የመንግሥቱ ጎተራዎች በእህል የተሞሉ ነበሩ። በ1835 አካባቢ ሸዋን ታላቅ ረኃብ በመታት ጊዜ ጎተራዎቹን አስከፍቶ ለተራበው አደለ። ከዚያ ወዲያ ንጉሡን «ይህ አልጋ ያንተ አይደለም» ማለት የሚቻለው ማን ነው? በቁንዲ በፍጥነት ያገኘውን ሥልጣን በእህል አጸደቀው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ናፖሌዎንም ዳቦ ሲወደድ የፓሪስ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ በአብዮቱ ጊዜ አይቶ ስለ ነበር፥ በ1812 እህል ባነሰ ጊዜ ዋጋውን በአዋጅ ወሰነ።

ነገር ግን ጎተራው በምን ሞላ? ከገበሬው ግብር ነው፤ ደግሞም በየዓመቱ በኦሮሞ አገር ላይ ከሚደረገው ዘመቻ ነው። ከብቱ የተነዳበትና ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ስለ ንጉሡ ደግነት የሚናገረው ሌላ ነገር ይኖረዋል። ባሪያም በሸዋ ገበያዎች ይሸጥ ነበር። በዚህ ረገድ ፈረንሣዩ የሚሻል አይምሰለን፤ አብዮቱ የሻረውን ባርነት በቅኝ ግዛቶቹ በ1802 የመለሰው ራሱ ናፖሌዎን ነው።

ሃይማኖትንም ሁለቱም ሳይነኩ አላለፉም። ናፖሌዎን በ1801 ከሮማው ጳጳስ ከፒዮስ 7ኛ ጋር ታረቀ፤ በዕርቁም ውስጥ በአብዮቱ ጊዜ የቤተ ክርስቲያንን መሬት የገዙ ሰዎች እንዳይነኩ አስደረገ። በዚህ አንድ ውል ካህኑንም ገበሬውንም አተረፈ። ሣህለ ሥላሴ የገጠመው ግን የከረረ የምሥጢር ክርክር ነበር፤ የሦስት ልደት ወገኖችንና ተቃዋሚዎቻቸውን በአለቆች ሹም ሽር ሊያበርድ ሞከረ። አልበረደም። ነገሩ የተቈረጠው እርሱ ከሞተ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፥ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ለንጉሡ የሠራውን የውሃ ወፍጮም ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አስተዉት ይባላል፤ ንጉሥ ሁሉን እንደማይችል ከዚህ መገመት ነው።

ትልቁ ልዩነት በፍርድ ላይ ይታያል። ሣህለ ሥላሴ በአደባባይ እየተቀመጠ የደሃውን አቤቱታ ራሱ ይሰማ ነበር። የተጻፈ ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ወምበሮችም ነበሩ። የነገሩ መቈረጫ ግን የንጉሡ ቃል ነው። የሰጠውንም ጉልት ሊነቅል፥ የነቀለውን ሊመልስ ይችላል። ናፖሌዎን በበኩሉ በ1800 አራት የሕግ ዐዋቂዎችን መርጦ ረቂቅ አስጻፈ፤ በመንግሥቱ ምክር ቤት ከተደረጉት ከመቶ የሚበልጡ ስብሰባዎች ብዙዎቹን ራሱ መራ፤ በመጋቢት 1804 2,281 አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ሕጉ ሚስትን ለባልዋ ታዛዥ ያደረገ ስለ ሆነ ፍጹም ነው አልልም። ሆኖም መሬቱን የገዛው ገበሬ ርስቱን የሚጠብቅለት የናፖሌዎን በጎ ፈቃድ ሳይሆን ቍጥር ያለው አንቀጽ ሆነ።

ውጤቱን ከሁለቱ ፍጻሜ እንመልከት። ሣህለ ሥላሴ በ1847 እዚሁ ደብረ ብርሃን ላይ ዐረፈ። ወዲያው አብቹዎች ተነሡ። ልጁ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ስምንት ዓመት ያህል ገዛ፤ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲገቡ ኃይለ መለኮት በሕመም ሞተ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርኮ ወደ መቅደላ ሄደ። ምኒልክ በ1865 አምልጦ ሲመለስ የአያቱን ስም የሚወድ ሕዝብ አገኘ፤ ይህ ቀላል ሀብት አይደለም፤ አስተዳደሩን ግን እንደ አዲስ ማቆም ነበረበት። ናፖሌዎን በ1815 ወድቆ ወደ ቅድስት ሄለና ሲጋዝ፥ በቦታው የተመለሱት የቡርቦን ንጉሥ ያገኙት የናፖሌዎንን ፕሬፌዎች፥ ባንኩን፥ ሊሴዎቹንና ሕጉን ነው። ንጉሡም አላፈረሷቸውም፤ ያለ እነርሱ መግዛት አልቻሉምና።

ያ ሕግ እኛም ዘንድ በሌላ መንገድ ደርሷል። በ1960 የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሣዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ከፈረንሣይ ብቻ ሳይሆን ከስዊስና ከሌሎችም አገሮች ወስደዋል፤ አንቀጹ 3,367 ነው። ከዚያ ወዲህ የመሬቱ ክፍል በ1975ቱ አዋጅ ተሽሯል፤ የቤተሰቡም ክፍል በአዲስ ሕግ ተተክቷል። የውሉ ክፍል ግን አለ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት «ውሌ ፈረሰብኝ» ብሎ የሚከስ ነጋዴ፥ ውል ማለት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ጠበቃው የሚጠቅስለት አንቀጽ 1675ን ነው።