የሕፃናት መቀመጫ መላላጥ መነሻው ምንድን ነው?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚሠሩ ኃላፊዎችና የእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



አንዲት እናት የሕፃኗን ክብደት ልታስመዝን ከአንቀልባ ስታወርደው መቀመጫውና ብሽሽቱ ቀልቶና ተልጦ ይታያል። መዝጋቢው «ምነው አታጥቢውም?» ሲላት አንገቷን ትደፋለች። ወቀሳው ተገቢ መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ የቁስሉን መነሻ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ዋናው መነሻ እርጥበት ነው። በሽንት የራሰ ጨርቅ ከገላ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ ቆዳው ይርሳል፤ በመተሻሸትም ይላጣል። ሽንት ከዓይነ ምድር ጋር ሲቀላቀል አሞኒያ ይፈጠራል፤ ይህም በዓይነ ምድር ውስጥ ያሉትን ምግብ አድቃቂ ንጥረ ነገሮች ስለሚያነቃቃ ቆዳውን ይበሉታል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ፈጥኖ የሚቆስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቁስሉ ከሦስት ቀን በላይ ሲቆይ ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ሊጨመርበት ይችላል፤ ምልክቱም በብሽሽት እጥፋት ውስጥ የደመቀ ቅላትና በዙሪያው የተበተነ ሽፍታ ነው።

ድርቅ ይህን ሁሉ ያባብሳል። ምንጭ ሲነጥፍ የተገኘው ውኃ ለመጠጥና ለምግብ ይውላል እንጂ ለጨርቅ ማጠቢያ አይተርፍም። ያው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሳይታጠብ በፀሐይ ደርቆ መልሶ ይታሰራል። ንጹሕ ያልሆነ ውኃም ተቅማጥን ያስከትላል። በጉና ተራራ ዙሪያ በሚገኙት የእስቴና የላይ ጋይንት ደጋዎች በክረምት ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርዱት የስማዳ ቆላዎች ደግሞ ሙቀትና ላብ ቆዳውን ያረጥባሉ። በ1977 ዓ.ም. በተካሄደው ሰፈራም ሆነ በ1995 ዓ.ም. ክልሉ ወደ መተማና ቋራ በጀመረው ሰፈራ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ቤተሰብ፣ ሕፃኑን እንደ ደጋው ልማድ አጥብቆ ቢጠቀልል ለዚሁ ጉዳት ይዳርገዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የራሰውን ጨርቅ ቶሎ መለወጥ፣ ገላውን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ሳያሹ ማድረቅ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ያለ ጨርቅ ማቆየትና ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት መቀባት ይበቃል። ጨርቁ ሲታጠብ ሳሙናው በሚገባ ይለቅለቅ። ጡት ማጥባት አይቋረጥ። በዚህ ያልዳነ ወይም መግል የያዘ ቁስል በጤና ባለሙያ ይታይ። እግሩ ያበጠና በሌላውም ገላው ቆዳው የሚላጥ ሕፃን ግን በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ።

ይሁን እንጂ ውኃ፣ ሳሙናና መለወጫ ጨርቅ ለሌላት እናት ይህ ምክር ብቻውን አይጠቅማትም። ስለሆነም እርዳታ ሲታቀድ እነዚህ ከእህልና ከዘይት ጋር አብረው ይቆጠሩ። መዝጋቢውም እናቲቱን ከመውቀሱ በፊት ውኃ ከየት እንደምትቀዳ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደምትጓዝና ስንት ጨርቅ እንዳላት ጠይቆ በመዝገቡ ያስፍር።