አውራ ንብ ትወለዳለች ወይስ ትቀለባለች?

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ ከሥነ ሕይወት ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ባለፈው የክርክር ምሽት «ሰው የሚሆነው በዘሩ ነው ወይስ በአስተዳደጉ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሳለ፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ «ንብ እንኳ አውራዋ አውራ ሆና፤ ሠራተኛዋም ሠራተኛ ሆና ትፈጠራለች» ብሎ ብዙ ጭብጨባ አገኘ። ጭብጨባውን ልንነሣው አልመጣንም። ነገር ግን ምሳሌው ስሕተት ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

አውራዪቱና ሠራተኛዪቱ የሚወጡት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። እንቁላሉ በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ከውስጡ የወጣችውን ትል ወጣት ንቦች ከራሳቸው ዕጢ በሚያመነጩት ወተት መሰል ምግብ ይቀልቧታል። ለአውራነት የታጨችው ይህንኑ ምግብ እስከ መጨረሻው በገፍ ታገኛለች፤ ለሠራተኝነት የተተወችው ግን ከሦስት ቀን ያህል በኋላ ማርና የአበባ ብናኝ የተቀላቀለበት ቀለብ ይሰጣታል። ከዚህም የተነሣ እንቁላሉ ከተጣለ አንሥቶ አንዷ በ16 ቀን፤ ሌላዋ በ21 ቀን ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። አንዷ ለዓመታት ትኖራለች፤ አበባ በበዛበት ወቅትም በቀን እስከ 2,000 እንቁላል ትጥላለች። ሌላዋ በሥራ ወራት ስድስት ሳምንት ያህል ደክማ ታልፋለች።

እንግዲህ ምግብ በሰውነት ውስጥ እንዴት ትእዛዝ ይሆናል? መንገዱን ቀድሞ ያሳየው ንብ ሳይሆን ሌላ ተባይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1934 እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ፤ ሮድኒየስ ስለሚባለው የደቡብ አሜሪካ ደም መጣጭ ምርምሩን አሳተመ። ይህ ተባይ ቆዳውን ለመለወጥ በእያንዳንዱ የዕድገት ደረጃ አንድ ጊዜ ሆዱ እስኪወጠር ደም መጥገብ አለበት። በጠገበ ማግስት ራሱ ቢቆረጥ፤ ወራት ቢኖርም እንኳ ቆዳ አይለውጥም፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቢቆረጥ ግን ይለውጣል። ይኸውም የሆድ መወጠር በነርቭ በኩል ለአንጎል ይነገራል፤ አንጎልም ዕድገትን የሚያንቀሳቅሰውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል ማለት ነው።

በንብም ዘንድ መልእክተኛው ሆርሞን ነው። በሚገባ የተቀለበችው ትል ከአንጎሏ በስተኋላ ካሉት ጥቃቅን ዕጢዎች «የልጅነት ሆርሞን» የሚባለውን በብዛት ታመነጫለች። በ1972 ቪርትስና ቤትስማ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሆርሞን ለሠራተኝነት በተተዉ ትሎች ላይ ቢያደርጉ፤ አውራ የሚመስሉ ንቦች ወጡ። በ2008 ደግሞ የአውስትራሊያ ሊቃውንት በትሎቹ ዘረመል ላይ ምልክት የሚያኖረውን አንድ ኤንዛይም ቢያዳክሙት፤ አብዛኞቹ ትሎች አውራ ሆኑ። ዘሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከዘሩ መጽሐፍ የትኛው ገጽ እንደሚነበብ ነው።

ስለዚህ ለተከራካሪው ወንድማችን የምንመልሰው «ዘር ከንቱ ነው» ብለን አይደለም። የንብ እንቁላል ማር ቢያጠጡት ዝንብ አይሆንም። ነገር ግን ሁለቱም ዕድል በአንድ እንቁላል ውስጥ ተኝቶ ሳለ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚቀሰቅሰው ቀለብ ነው።

ቀለቡም ጊዜ አለው። አውራቸው በድንገት የሞተችባቸው ንቦች ሌላ የሚያሳድጉት ከለጋዎቹ ትሎች መርጠው ነው፤ ሦስት ቀን ያለፋት ትል የቱን ያህል ብትቀለብ ሙሉ አውራ አትሆንም። የቀረባት ምግብ በኋላ ቢትረፈረፍ ያለፈውን ቀን አይመልስላትም።

ይህ ነገር ለላቦራቶሪ ብቻ የሚቀር አይደለም። ቀላቢዎቹ ንቦች ወተት የሚያመነጩት ራሳቸው የአበባ ብናኝ ሲበሉ ነው። እንግዲህ ማር ሲቆረጥ ትል የያዘውንና ብናኝ የሞላውን እንጀራ ጠራርጎ የሚያወጣ ሰው፤ የዘንድሮውን ማር ብቻ ሳይሆን የሚመጣውን አውራ ቀለብም ይወስዳል። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፤ ቀፎ ላላቸው አባቶቻችን በትሕትና ልንነግራቸው ይገባናል።

ሰው ንብ አይደለም፤ ከቀፎም ሕግ ለሰው ሕግ ማውጣት አንሻም። ይሁን እንጂ ከእንግዲህ ወዲህ «እንዲህ ሆኖ ተወለደ» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፤ «በለጋነቱ ምን ቀለቡት?» ብለን እንጠይቅ።