ከማዋለጃ ክፍል እስከ ደጃፍ፦ የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት አመጣጥ



በመጀመሪያ ዲግሪ የኅብረተሰብ ጤና የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ሥነ ተዋልዶ ጤና የሚባል ኮርስ ይወስዳል። ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የአባላዘር በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ የወጣቶች ጤና፣ ጾታዊ ጥቃት፣ ውርጃ፣ መካንነት በአንድ ሞጁል ታጭቀው ይሰጡታል። ተማሪው ምዕራፎቹን ሲያገላብጥ ሁሉም ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን የኖሩ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ በየራሱ መንገድ፣ በየራሱ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜም የአንዲት ሴት ሞት ከኋላው እያለ የመጣ ነው። ዛሬ እዚህ ፒያሳ ላይ ቆሜ የምሟገትለት ሐሳብም ይህ ነው፤ ሥነ ተዋልዶ ጤና ራሱን የቻለ ትምህርት የሆነው ከሐኪም ቤት ወጥቶ የሰው ደጅ ማንኳኳት ሲጀምር ነው።

የመጀመሪያው መንገድ የሚነሣው እዚሁ፣ ፒያሳ ካለችበት ከአራዳ ነው። በምኒልክ ዘመን ይህ ሰፈር የገበያ ሰፈር ነበር፤ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ከየአገሩ የመጣው እንግዳ፣ ጠጅ ቤቱና ጠላ ቤቱ ሁሉ እዚሁ አካባቢ ነበር። ያኔ ሐኪሞች ስለ ሥነ ተዋልዶ የሚያነሡት ነገር ቢኖር ቂጥኝና ጨብጥ ነው። በ1902 ዓ.ም. ገደማ በከተማዋ የመጀመሪያውን ፋርማሲ የከፈተው ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ ስለ ኢትዮጵያ በፈረንሳይኛ በጻፋቸው ሰፋፊ ጥራዞች የከተማውን በሽታዎች በሰፊው ይተርካል፤ ቂጥኝም ከእነርሱ አንዱ ነው። በኋላ ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ሴተኛ አዳሪዎችን መዝግቦ በግዴታ ያስመረምር ጀመር። የምርመራው ዓላማ ወታደሩን ከበሽታ መጠበቅ ነበር። ሴቲቱ እንደ በሽታ ምንጭ ተቆጠረች እንጂ ታምማ ልትሞት የምትችል ሰው ሆና አልታየችም። ይህ አመለካከት ከጣሊያን ጋር አብሮ አልሄደም። በ1970ዎቹ ማብቂያ ኤች አይ ቪ አገር ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ ከቀደሙት ጥናቶች ብዙዎቹ የመረመሩት መልሰው የሴተኛ አዳሪዋኑን ደም ነበር። ጥናቶቹ አስፈላጊ አልነበሩም አልልም፤ ብዙ አስተምረውናል። ግን የማን ጤና ተብለው እንደተጠኑ ተማሪዎቼ እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው መንገድ የምጥ መንገድ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ ተመርቃ ነበር። ከነጻነት በኋላ አግብታ ለቀምት ሄደች፤ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር እዚያው ዐረፈች። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት እንኳ አልሞላም። ነርስ ናት፤ የንጉሥ ልጅ ናት፤ የአገረ ገዥ ሚስት ናት። ይህ ሁሉ አላተረፋትም። በስሟ ሆስፒታል ተሠራ፤ በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ከአውስትራሊያ የመጡት እዚያ ነው። ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ በፌስቱላ ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ ሴቶች ሲመጡ አዩ። ከዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ የፌስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ተብሏልና አልቆይበትም። ለዛሬው ጉዳይ የሚጠቅመን ፌስቱላ ሴቲቱ ከየትኛው መንደር፣ ስንት ቀን ተጉዛ እንደመጣች ሐኪሙን እንዲጠይቅ ማስገደዱ ነው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል ወደ መንደሩ መመልከት የጀመረው በዚህ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከጎንደር ይነሣል። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያ ላይ ወባ ተነሥቶ ሕዝቡን በሺዎች ፈጀው። ያ እልቂት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. እንዲከፈት ምክንያት ሆነ። ኮሌጁ ሦስት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር፤ ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። ሦስቱም በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ዛሬ በመጀመሪያ ዲግሪ የምንሰጠው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ሥሩ ይህ ነው። የእናቶችና ሕፃናት ጤና ገና ከጅምሩ በጤና ጣቢያው ሥራ ውስጥ ነበረ። ይሁን እንጂ ያኔ ስለ እናት ሲወራ የሚታሰበው ልጅ ወላጇ ናት፤ ልጅ ላለመውለድ የምትፈልገው ሴት በሥርዓተ ትምህርቱ ቦታ አልነበራትም። በሕጉም ቢሆን ቦታ አልነበራትም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የእርግዝና መከላከያን በአደባባይ ማስተዋወቅን ይከለክል ነበር። በዚህ ሕግ ሥር ነው በ1958 ዓ.ም. ጥቂት በጎ ፈቃደኞች የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርን ያቋቋሙት። ዛሬ ጤና ኬላ ላይ መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ለምትወስድ ወጣት ያ ጊዜ ሩቅ ነው። እኔ ግን እነዚያን ሰዎች አስባቸዋለሁ፤ ክኒኑ በእጃቸው ሳለ ስለ እርሱ ጮክ ብሎ መናገር ያስከስስ ነበርና።

አሁን ዋና ወደምለው ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጥናት ተካሄደ። ሆላንዳዊቷ አዋላጅ ባርባራ ክዋስት፣ አሜሪካዊው ሮጀር ሮቻትና ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሴት ሐኪሞች አንዷ ዶክተር ዊዳድ ኪዳነ ማርያም ውጤቱን በ1979 ዓ.ም. አሳተሙት። እስከዚያ ድረስ ስለ እናቶች ሞት የሚታወቀው ከሆስፒታል መዝገብ ብቻ ነበር። የሆስፒታል መዝገብ ደግሞ በሁለት በኩል ያሳስታል። ቤቷ የሞተችው አትጻፍበትም፤ ከሩቅ አገር በመጨረሻ ሰዓት ተጭና መጥታ የሞተችው ግን የከተማው ሟች ሆና ትቆጠራለች። አጥኚዎቹ ስለዚህ መዝገቡን ትተው በየቀበሌው ቤት ለቤት ሄዱ። ከ32,000 በላይ ቤቶችን አንኳኩ። በዚያ ሁሉ ቤት ያገኙት 45 የእናቶች ሞት ነው። ቁጥሩ ለጆሮ ትንሽ ይመስላል፤ በሕይወት ለተወለዱ 100,000 ሕፃናት ሲሰላ ግን 566 እናቶች ማለት ነው። ይህ የሆነው በዋና ከተማዋ ነው፤ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የካቲት 12፣ ጳውሎስ፣ ጋንዲ፣ ጥቁር አንበሳ ባሉባት ከተማ። ቀዳሚው ገዳይ ደግሞ በውርጃ የሚመጣ ጉዳት ነበር። አደጋው የበረታባቸውም ያልፈለጉት እርግዝና የገጠማቸው፣ ያላገቡ ወጣቶች ነበሩ።

ይህን ውጤት ከአራዳ ሆነን እንየው። ከዶሮ ማነቂያ ወይም ከሠራተኛ ሰፈር ተነሥቶ ሆስፒታል ለመድረስ በእግርም ቢሆን ብዙ አይፈጅም ነበር። ተማሪዎች በክፍል የሚያጠኗቸው ሦስቱ መዘግየቶች አሉ፤ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። የአራዳዋን ወጣት የገደላት ሁለተኛው አልነበረም። ሆስፒታሉ ከሰፈሯ ቅርብ ነበር። አሠሪ እመቤቷ እንዳታውቅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ፖሊስ እንዳይጠይቅ ብላ ትኩሳቱ እስኪያጋያት ድረስ አልጋዋ ላይ ቆየች። ይህን የሚነግር መዝገብ በየትኛውም ማዋለጃ ክፍል አይገኝም። የተገኘው ደጃፍ ላይ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ውርጃ በሕግ የሚፈቀድባቸው ሁኔታዎች ሲዘረዘሩ፣ አስገድዶ መደፈር፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ ለአካለ መጠን አለመድረስና ሌሎችም፣ ክርክሩ የቆመበት መሬት እንዲህ ባሉ ጥናቶች የተደላደለ ነበር። በጉዳዩ ላይ የሃይማኖትና የሕሊና ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ፤ በዚህ አዳራሽም ይኖራል። የሞቱትን መቁጠር ግን ሁላችንንም የሚያስማማ ግዴታ ነው።

ታዲያ መቁጠር ራሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአንድ ወቅት ለመስክ ሥራ ተማሪዎቼን ይዤ አራዳ ውስጥ ወደ አንድ ግቢ ገባሁ። ስድስት ቤት በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት፣ የአንዱ ወሬ ለሌላው የሚሰማበት ግቢ ነው። አንዷ ተማሪ ከበር ላይ ቆማ ጮክ ብላ፣ «እትዬ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ልብስ እያጠቡ፣ «ሦስት» አሉ። ጻፈች። እንድትቀመጥ ጠቆምኳት፤ ከጎናቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በደንቡ መሠረት ጠየቀቻቸው፤ አብረዋቸው የሚኖሩ ወንዶች ልጆች ስንት ናቸው? ሴቶችስ? ሌላ ቦታ የሚኖሩ አሉ? ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሕይወት ተወልዶ በኋላ የሞተ ልጅ እንዳለ ጠየቀች፤ አልቅሶ ወይም ተንፍሶ ከዚያ የሄደም ቢሆን። ሴትዮዋ እጃቸውን ከሳፋው አወጡና ቀሚሳቸው ላይ አበሱት። «አራት ብለሽ ጻፊ ልጄ» አሏት። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት በአሥራ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከግቢው ሰው ጋር አውርተውት አያውቁም። ተማሪዋ የጻፈችውን ሰርዛ አረመች። ጥያቄዎቹ ተከፋፍለው የሚቀመጡት፣ መጨረሻ ላይ ተደምረው የሚረጋገጡትም በዚህ ምክንያት ነው። በጥቅሉ ስንት ወለድሽ የተባለች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የምትቆጥረው አጠገቧ ያሉትን ነው።

የሞተችዋን እናት መቁጠር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ እርሷን መጠየቅ አይቻልማ። ስለዚህ በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እኅቶቿ ይጠየቃሉ። ከአንዲት እናት የተወለዱት ሁሉ በቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ፤ በሕይወት የሌለች እኅት ስትኖር፣ ስትሞት እርጉዝ ነበረች? በወሊድ ላይ ነው የሞተችው? ከወለደች በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ነው? ይባላል። በዚህ መንገድ በ1992 ዓ.ም. ጥናት በ100,000 ሕፃናት 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር ታወቀ፤ በ1997 ቁጥሩ 673፣ በ2003 676፣ በ2008 412 ሆነ። እነዚህ ቁጥሮች ከየጥናቱ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት የሚመለከቱ ናቸው እንጂ የዚያን ዓመት ብቻ አይደሉም፤ በግራና በቀኝም ሰፊ የስሕተት ወሰን አላቸው። ተማሪ ይህን ሳያውቅ ቁጥሩን ቢያነበንብ ጋዜጣ ላይ ካነበበው ሰው አይለይም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለብዙዎቻችሁ ቅርብ ነው፤ ፈጠን ብዬ ላውራው። በደርግ ዘመን የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ። በሌላ በኩል በ1970ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ወደ ማኅበረሰብ የሚልክ ትምህርት አስጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ፕሮግራም ከፈተ፤ በቡታጅራ የቤተሰቦችን ልደትና ሞት በተከታታይ የሚመዘግብ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ በወቅቱ 4 በመቶ የነበረውን የእርግዝና መከላከያ ተጠቃሚነት 44 በመቶ ለማድረስ አቀደ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ካይሮ ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ደግሞ ነገሩን ከሕዝብ ቁጥር ወደ ሴቲቱ መብትና ጤና አዞረው። የጤና መኮንን ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲመለስ ያገኘው ይህን አዲስ አስተሳሰብ ነው፤ ቂጥኙም፣ ምጡም፣ ክኒኑም፣ ግርዛቱም በአንድ ኮርስ የተሰባሰቡት ያኔ ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ከ30,000 በላይ ወጣት ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቶ ደጅ ማንኳኳትን የመንግሥት ሥራ አደረገው። መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 36 በመቶ ደረሱ። በጤና ተቋም መውለድ ከ5 ወደ 26 በመቶ አደገ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ለዚህ ያደረጉት አስተዋጽኦ ገና በቅጡ የተጻፈ አይመስለኝም።

አሁን በትምህርቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። የምናስተምረው የብዙ ልጆች እናት የሆነችውን የገጠር ሴት አስበን ነው። አዲስ አበባ ግን በ1992ቱ ጥናት ጊዜ እንኳ አንዲት ሴት በአማካይ ከሁለት ያነሰ ልጅ የምትወልድባት ከተማ ነበረች፤ በ2008ም 1.8 ላይ ነበረች። የዚህች ከተማ ሴት ብዙ ጊዜ ጥያቄዋ ሌላ ነው። ልጅ ፈልጋ ያጣችው አለች፤ ለእርሷ በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በጳውሎስ የተከፈተው ገና በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ለአሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት መሰጠት ጀመረ። ሆኖም መካንነት በኮርሳችን መጨረሻ፣ ፈተና ሲቃረብ የሚዘለል ምዕራፍ ነው። መዘለሉ ያሳዝነኛል፤ ልጅ አጥታ ከትዳሯ የተባረረች ሴት ሕመሟ ከምጥ ሕመም አያንስም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እነዚህ የፒያሳ ጥንታዊ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ነዋሪው ከከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። በእርግዝና ላይ ሳለች ቤቷ የፈረሰባት ሴት፣ መርፌዋን በየሦስት ወሩ ከለመደችው ጤና ጣቢያ የምትወስደው ሴት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሰው ሳያያት ከምታውቃት ነርስ እጅ የምትቀበለው ሴት ሁሉም ተነሥተዋል። ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎቼ የዘንድሮውን የመስክ ሥራ ወስኛለሁ። ከአራዳ የተነሡትን ቤተሰቦች በአዲሱ አድራሻቸው ትፈልጋላችሁ። ካርዳቸው የትኛው ጤና ጣቢያ እንዳለ፣ የመጨረሻ ቀጠሯቸው መቼ እንደነበር፣ ከተነሡ በኋላ የወለዱ ካሉ ማን እንዳዋለዳቸው ትጠይቃላችሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ የሊፍቱን ነገር አትመኑትና አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግራችሁ ትወጣላችሁ፤ በር ላይ ቆማችሁ አትጠይቁ፣ አስፈቅዳችሁ ግቡና ተቀመጡ።