የአገር ውስጥ ይሻላል ወይስ የውጭ?

(ለሕሙማን የሚውሉ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን ስለመግዛት፣ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ለታመሙ አባሎቻችን በውሰት የሚሰጡ መሣሪያዎች እንዲገዙ ገንዘብ መመደቡ ይታወሳል። ሆኖም ዕቃው ከየት ይገዛ በሚለው ላይ ስምምነት ስላልተገኘ ጉዳዩ ለዛሬ ተላልፏል። ገሚሱ «የውጭ ካልሆነ አይታመንም» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «የአገራችንን ሥራ እየናቅን እስከ መቼ?» ብሎ ተከራክሯል። እኛም ሁለቱንም ወገን አዳምጠን፣ ከዚህ ቀደም ከገጠመን ጋር አመዛዝነን የደረስንበትን ሐሳብ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ከራሳችን ጥፋት እንነሣ። አንዲት የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ እናታችን ልጃቸው ከእንግሊዝ አገር የስኳር መለኪያ ላከላቸው። ዕቃው አዲስ ነው፣ ያምራል፤ ሁላችንም ተደሰትን። አንድ ምሽት ራሳቸውን ሲያዞራቸው ከኮሚቴው ሰው ተጠራ። ሲለካ 14.2 አለ። እኛ የለመድነው መቶ፣ መቶ ሃምሳ፣ ሁለት መቶ የሚል ቁጥር ነው። «ስኳራቸው ወርዷል!» ብለን ስኳር የበዛበት ሻይ ደጋግመን አጠጣናቸው። ሌሊቱን ውኃ ጥሙና ትውከቱ ባሰባቸውና ሊነጋጋ ሲል ሐኪም ቤት አደረስናቸው።

እዚያ ነው ነገሩ የተገለጠልን። በእንግሊዝ አገር የደም ስኳር የሚቆጠረው በሚሊሞል ነው፤ እኛ ዘንድ የተለመደው ደግሞ በሚሊግራም ነው። የእነርሱን ወደኛ ለመመለስ በ18 ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ 14.2 ማለት 255 ያህል ነው። ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሳለ እኛ ጨመርንበት ማለት ነው! ፈጣሪ ይመስገን እናታችን ተርፈዋል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ስናስበው ያመናል። መሣሪያው እኮ ልክ ነበር። ጥፋቱ አነባበቡን ሳናውቅ መጠቀማችን ነው።

ከወር በኋላ ደግሞ ስትሪፑ አለቀ። የስኳር መለኪያ የሚሠራው ለራሱ በተሠራው ስትሪፕ ብቻ ስለሆነ በየፋርማሲው ዞርን፤ የዚያ ዓይነት የለም ተባልን። ይኸው ዕቃው ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ጉዳይ የተሽከርካሪ ወንበር ነው። ማኅበራችን ሁለት ወንበሮች አሉት። አንዱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ያብረቀርቃል። ነገር ግን የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ በመሆናቸው ኮብልስቶናችን ላይ ሲደርስ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ይቀረቀራል። የተሠራው ለሆስፒታል ወለል ነዋ! አንዱ የፊት ጎማ ሲሰበር መለዋወጫ አጣን። ሁለተኛው እዚሁ ሰፈራችን አጠገብ በብረት ሠራተኛ የተሠራ ነው። እውነቱን ለመናገር እሱም እንከን ነበረበት። ከባድ ነው፤ ፍሬኑም መጀመሪያ ላይ አይዝም ነበር፤ ቁልቁለት ላይ አንድ አባታችንን ሊጥላቸው ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? የሠራው ሰው ቅርብ ነው። ወስደን አሳየነው፣ ፍሬኑን ቀየረው፣ ለጎማውም የብስክሌት ጎማ ገጠመለት። ይኸው እስካሁን ያገለግላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ለተጠቃሚው አካልና ለሚኖርበት አካባቢ የሚስማማ፣ በአገሩም ሊጠገን የሚችል መሆን እንዳለበት ያሳስባል። እኛ በጎማችን ያየነው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርነው፣ ክርክሩ «የውጭ ወይስ የአገር ውስጥ» መሆን እንደሌለበት ነው። ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የሚሰጠው ቁጥር ልክ ነው ወይ? የሚያልቀው ነገር እዚህ ይገኛል ወይ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ክራንች፣ የሽማግሌ ምርኩዝ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የመጸዳጃ ወንበር፣ የአልጋ መደገፊያ፤ እነዚህ ቁጥር አይሰጡም። የሚፈለገው ጥንካሬና በሰውየው ልክ መሠራታቸው ነው። ይህን የእኛው እንጨትና ብረት ሠራተኞች ይችላሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ናቅናቸው እንጂ! ኮሮና በ2012 ዓ.ም. አገራችን በገባ ጊዜ የውጭው ማስክ ሲጠፋ፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካዎች ማስክ ወደ መሥራት መዞራቸውን፣ የየሰፈሩ ልብስ ሰፊም ከጨርቅ እየሰፋ ማደሉን አንርሳ። የሚገዛው ያጣ ሠራተኛ ግን ሙያውን አያሻሽልም።

የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ግን ሌላ ነው። እነዚህ የሚሰጡት ቁጥር ከተሳሳተ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ የውጭ ዕቃ መግዛት አገርን መናቅ አይደለም። ቢሆንም «የውጭ ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ለአብነት፣ ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ሲመረመር፣ ጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክስጅን ማነስን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሰውየው ትንፋሽ እያጠረው «ቁጥሩ ደህና ነው» ብሎ ቤት ማስቀረት አይገባም።

የደም ግፊት መለኪያ ስትገዙ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትታችሁ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ምረጡ። ማሰሪያው ለክንዱ ውፍረት ልክ ይሁን፤ የጠበበ እንደሆነ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከለካችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ዕረፉ። ቤት ውስጥ በተለያየ ቀን ተለክቶ በአማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ በራሳችሁ መድኃኒት አትጨምሩ፣ አታቋርጡም። አዲስ የተገዛውንም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ከእነርሱ ጋር አስተያዩት።

በመሆኑም የሚከተለውን ውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ/ ክራንች፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የመጸዳጃ ወንበር ከአገር ውስጥ ሠሪ ይገዙ፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው ግን ፍሬኑና ብየዳው በኮሚቴው ፊት ከተፈተነ በኋላ ይሁን።

2ኛ/ የግፊትና የስኳር መለኪያ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ፣ በደረሰኝ፣ ስትሪፑ በቋሚነት መገኘቱ ተጠይቆ ይገዛ። የስኳሩ በሚሊግራም የሚያነብ ይሁን።

3ኛ/ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ዕቃ ከመላካቸው በፊት ይጠይቁን። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ መሣሪያ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ ከዕቃው ይልቅ የዕቃው ዋጋ ቢላክ ይሻላል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ሳንቸኩል እንምከርበት። የተዋጣው ገንዘብ የሁላችንም ነው፤ ነገ አልጋ ላይ የሚውለው ማን እንደሆነም አይታወቅም። ሐሳባችሁን ለመስማት ዝግጁ ነን።