ኤሲ ወይስ ዲሲ? ከውርጌሳ ጣሪያ እስከ ኬንያ

እሱ፦ እህቴ፣ እዚህ ውርጌሳ ከተማችን ውስጥ ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ሰው አምፖሉን ያበራል፣ ስልኩን ይሞላል። በመብራት የሚሠራ ቴሌቪዥኑን ለመክፈት ግን ኢንቨርተር ግዛ ይሉታል። ለምን?

እሷ፦ ሶላሩ የሚያወጣው ዲሲ ነው፤ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። ባትሪም የሚይዘው እሱኑ ነው። በምሰሶ የሚመጣው የ220 ቮልት መብራት ግን ኤሲ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ደርሶ መልስ ይላል። ኢንቨርተሩ ዲሲውን ወደ ኤሲ ይለውጣል።

እሱ፦ የስልክ ቻርጀርስ?

እሷ፦ ተገላቢጦሹን ይሠራል።

እሱ፦ ታዲያ መብራት ኃይል ከመነሻው ዲሲ ቢልክልን ምን ነበረበት?

እሷ፦ ትራንስፎርመሩ እምቢ ይላላ! ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በኤሲ ብቻ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ሲል ጅረቱ ያንሳል፣ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነውም ይቀንሳል። እዚሁ ጎረቤታችን ሐራ ገበያ ድረስ እንዲዘልቅ የታቀደው ከአዋሽ የሚነሳው የባቡር መስመርም የተነደፈው ለ25 ሺህ ቮልት ኤሲ ነው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ግን በ750 ቮልት ዲሲ ይሄዳል።

እሱ፦ እንግዲያው ለሩቅ ኤሲ፣ ለቅርብ ዲሲ ልበል?

እሷ፦ አትቸኩል ወንድሜ! ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው መስመር የ500 ሺህ ቮልት ዲሲ ነው። ርቀቱ እንዲህ ሲገፋ የዲሲ ብክነት ከኤሲው ያንሳል። በሁለቱ ጫፍ ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይሩት ጣቢያዎች ውድ ስለሆኑ ግን ለአጭር መንገድ አያዋጣም።

እሱ፦ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎችስ ምን እንበል?

እሷ፦ ዕቃ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ኤሲ ነው ዲሲ? ስንት ቮልት?