ቅጠሉን ገለጥ አድርጉት

በሺንሺቾ ለሙያ ሠልጣኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር

 

አንድ ነገር ልናዘዝና ልጀምር። እጄ ላይ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። ተጋባዥ እንግዳ ባዶ እጁን መድረክ ላይ ከወጣ ያልተዘጋጀ ይመስላል ብዬ ነው የያዝኩት። ንግግሬን ያዘጋጀሁት ስልኬ ላይ ድምፄን ቀድቼ ነው። ትናንት ከሆሳዕና በዱራሜ በኩል ስመጣ መኪና ውስጥ ደጋግሜ ሰማሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው “ልጄ፣ ስብከት ነው?” አሉኝ። “አይ አባባ፣ የራሴን ንግግር ነው የምሰማው” አልኳቸው። ዝም ብለው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

ይህን የማደርገው ፊደል ስለሚያስቸግረኝ ነው። ያደግሁት ከዚህ ብዙም በማይርቅ ገጠር ነው። ትምህርት ቤት ስገባ መጀመሪያ ከምባቲሳን በላቲን ፊደል፣ ከዚያ አማርኛን በራሳችን ፊደል፣ ከዚያ ደግሞ እንግሊዝኛን ተማርን። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ፊደል። ጓደኞቼ እንደ ዘበት አለፉት። እስቲ ሐን ገልብጣችሁ እዩአት፤ ሠን ትመስላለች። ለእኔ ግን ፊደሎቹ ማንም ሳይነካቸው ይገለበጡ ነበር። አንድ መምህር፣ ስማቸውንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠራም፣ “ሰነፍ” ብለው ከኋላ ወንበር አስቀመጡኝ። ያው ሰነፍ ግን ማታ ማታ የአባቱን ሬዲዮ ብትንትኑን አውጥቶ መልሶ ይገጥም ነበር።

ዛሬ ችግሬ ስም እንዳለው አውቃለሁ። ዲስሌክሲያ ይባላል። አእምሮ ፊደልን ከድምፅ የሚያገናኝበት መንገድ ከብዙው ሰው ሲለይ ማለት ነው፤ ከስንፍናም ከማስተዋል ማነስም ጋር ዝምድና የለውም። ትኩረትን መሰብሰብ የሚያስቸግረው ኤዲኤችዲ አለ፤ ኦቲዝም አለ። ሁሉም የየራሳቸው መልክ አላቸው፤ የሚያመሳስላቸው አእምሮ በሌላ መንገድ የሚሠራ መሆኑ ነው። ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል። እጅ አውጡ አልልም።

ይህን ዛሬ ለምን አነሣሁት? ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ፀጉር ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የቧንቧ ሥራ፣ የሞባይል ጥገና ልትከፍቱ ነው። አንዳንዳችሁም ልባችሁ ደቡብ አፍሪካ እንዳለ አውቃለሁ፤ ከየቤታችን የሄደ ወንድም አለን። እዚህም ክፈቱት እዚያ፣ የምትሸጡት አገልግሎት ነው። አገልግሎት ደግሞ እንደ በቆሎ ጆንያውን ፈትታችሁ የምታሳዩት ነገር አይደለም። ደንበኛው ሲመጣ ሥራው ገና አልተሠራም። የሚገዛው ቃላችሁን ነው። ስለዚህ የገበያ ሥራ ማለት የምትጠብቁትን ቃል መርጦ፣ ሰው በሚገባው መንገድ መናገር ነው። አእምሮው በሌላ መንገድ ለሚሠራ ሰው ከባዱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሰጠውን ቃል እሱም ይሰጥና መጠበቅ ያቅተዋል።

ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ቆጮ ትሸጥ ነበር። ገበያ ላይ ሴቶቹ ተደርድረው አላፊውን ሁሉ ይጠራሉ፤ እናቴ ዝም ትላለች። ገዢዋ ፊቷ ስትቆም የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ ታደርግና ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ ታኖርላታለች። “ጨምቂው፣ አሽትቺው” ትላታለች። ደግሞ አንዳንዴ “ይኼኛው ለዛሬ እንግዳ አይሆንሽም፣ ገና ነው፤ ከዚያኛው ውሰጂ” ትላለች። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር፤ ሰው እንዴት የራሱን ዕቃ አይሆንም ይላል? የማይሆነውን ስለምትናገር የሚሆነውን ስትናገር ትታመን ነበር። የእሷን ደንበኞች ማንም ጠርቶ ወስዷቸው አያውቅም።

እኔ ግን ትምህርቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ሱቅ ከፈትኩ። የታፔላ ጸሐፊ ዋጋ ስለከበደኝ ቀለም ገዝቼ ራሴ ጻፍኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተማሪዎች እያዩኝ ይስቃሉ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ቀን ከማዶ ሻይ የሚሸጡ እናት መጡና “ልጄ፣ ጥገና ነው እኮ የሚባለው” አሉኝ። ቀና ብዬ አየሁ። አሁንም ትክክል መሰለኝ። አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ አስነበቡኝ፦ “የሞባይል ጥናገ”። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን “ለማንኛውም እስቲ ይቺን እያት፣ ቻርጅ አልቀበል ብላለች” ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ።

ተበድሬ ታፔላውን አስጻፍኩት። ያኔ ደግሞ ሰው ጎረቤቱን “ያ ጥናገ የት ሄደ?” ብሎ መጠየቅ ጀመረ! አሮጌውን ከአዲሱ ሥር መልሼ ሰቀልኩት፤ እስከ ዛሬ አለ።

አትሳሳቱ፤ ስህተት ገበያ ያመጣል እያልኩ አይደለም። ታፔላ ሰው የሚያመጣው አንድ ጊዜ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እኔም የወደቅሁት እዚያ ላይ ነበር። ለደንበኞቼ ስልኮች ተራ ቁጥር እየሰጠሁ አስቀምጣቸው ነበር። 16ን 61 ብዬ አንብቤ የአንድ መምህር ስልክ ለአንድ ነጋዴ ሰጠሁ። ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁት፤ ሁለቱንም ደንበኞች ግን አጣሁ። “እሱ ጋ እንዳትሰጡ” የሚለው ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

ያን ሰሞን ሱቁን ልዘጋ ነበር። የመለሰኝ የእናቴ ቅጠል ነው። ቁጥሩን ተውኩት። እያንዳንዱ ስልክ ላይ ባለ ቀለም ክር ማሰር ጀመርኩ፤ ያንኑ ክር ቆርጬ ግማሹን ለባለቤቱ እሰጣለሁ። ከዚያ “የማን ነው? ምን ሆነ? መቼ ይፈልጉታል?” ብዬ ራሱ ባለቤቱ ሲመልስ ድምፁን እቀዳለሁ። ለምን እንደማደርገውም አልደበቅሁም። “ማንበብ ያስቸግረኛል፤ ዕቃዎ እንዳይሳሳትብኝ ነው” እላለሁ። ሰው ይሸሻል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰዉ ግን ቤቱ ገብቶ “ድምፄን ቀድቶ፣ ክር ሰጥቶኝ!” እያለ ያወራልኝ ጀመር። ለራሴ ድካም የሠራሁት መደገፊያ ማስታወቂያዬ ሆኖ አረፈው።

ዋጋ መከራከርም አልችልም። ሰው ሲያዋክበኝ ቁጥሩ ይምታታብኛል፤ ከስሬ እሸኛለሁ። ስለዚህ የተሰበረ ስክሪን፣ ያበጠ ባትሪ፣ የቻርጅ ቀዳዳ ሥዕል አሥዬ ዋጋቸውን ከጎናቸው ለጠፍኩ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ሥዕሉን እያዩ “ይቺን ነው” ይሉኛል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ መልስ የመቁጠር ጣጣው ቀለለልኝ።

አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። እጁ ወርቅ ነው፤ ሰው ዐይን ግን አያይም። የእኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ሥራ የለም። እሱ “ምን ሆነ?” ብሎ እጁን ለስልኩ ይዘረጋል። ደንበኛ “ትዕቢተኛ ነው” አለ። ልጁን ከሰው ፊት ደብቄ ከጓዳ ላስቀምጠው አሰብኩ፤ ከዚያ የራሴ የኋላ ወንበር ትዝ አለኝ። ለደንበኞች ልናገር ወይ ብዬ መጀመሪያ እሱን ጠየቅሁት፤ ፈቀደ። አሁን “ሰላምታው ከእኔ ጋር ነው፣ ጥገናው ከእሱ ጋር” እላለሁ። ማለዳ ግርግር ሳይበዛ ቀጠሮ የሚይዙት ሰዎች የእሱ ደንበኞች ናቸው። ወሬ የማይፈልግ ሰውም ለካ ብዙ ነው!

ይህ ነገር በእኔ አልተጀመረም። ፖል ኦርፋሊያ የሚባል አሜሪካዊ ማንበብ ያስቸግረው ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን ደግሟል፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ መሥራትም አይሆንለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ። ክፍሉ ከመጥበቡ የተነሣ ማሽኑን ወደ እግረኛ መንገድ ገፍቶ ያወጣው ነበር። ለሱቁ ስም የሰጠው በራሱ ቅጽል ስም ነው፤ በተጠቀለለው ፀጉሩ የተነሣ ጓደኞቹ “ኪንኮ” ይሉት ነበር። ቢሮ መቀመጥ ስለማይችል ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሠራተኞቹ ምን ጥሩ ነገር እንደሠሩ እያየ ለሌሎቹ ያወራ ነበር። የዕቃ ማጓጓዣው ድርጅት ፌዴክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ኩባንያውን በ2.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው ሱቆቹ ከ1,000 በላይ ነበሩ። ስዊድናዊው ኢንግቫር ካምፕራድም ዲስሌክሲያ ነበረበት። በ17 ዓመቱ፣ ዛሬ የቤት ዕቃ የሚሸጠውን ኢኬያን መሠረተ። የዕቃ ቁጥር ስለሚምታታበት ለሶፋውና ለወንበሩ የቦታና የሰው ስም አወጣላቸው። ያ የግል መላው ዛሬ ድፍን ዓለም ኢኬያን የሚያውቅበት መለያ ነው። ከእኔ ክር ምን ይለያል? በገንዘቡ ካልሆነ በቀር!

ከራሳችን ሰው ደግሞ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን አነሣለሁ። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈቱ፣ አገልግሎት ሸጠው የሚያድሩ ባለሙያ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከእንግዳ በሚደብቅበት ጊዜ እሳቸው በአደባባይ “ልጄ ነው” አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ማዕከሉ ግን ስማቸውን ያስጠራል። እሳቸው ቅጠሉን በአገር ደረጃ ገለጡት።

አሁን ምክሬን ላሳጥር። ራሳችሁን አጥኑ። የቱ ሰዓት ላይ ትነቃላችሁ? የቱ ድምፅ ያውካችኋል? የቱን ነገር ትረሳላችሁ? ሱቃችሁን በዚያ ልክ ስፉት። ቃል ስትሰጡ ከምትችሉት ትንሽ ቀንሱ፤ ነገ የምትጨርሱትን ከነገ ወዲያ በሉ። በጽሑፍ መናገር ካልሆነላችሁ በድምፅ፣ በሥዕል፣ በሠራችሁት ሥራ ፎቶ ተናገሩ። ስለ ራሳችሁ ምን ያህል እንደምትናገሩም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የችግራችሁን ስም ማንም ደንበኛ የመጠየቅ መብት የለውም፤ ዕቃው እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ ግን መብቱ ነው።

ደግሞ “ልዩ አእምሮ ልዩ ጸጋ ነው” እያለ የሚያሞግሳችሁን ሁሉ አትመኑ። እኔ አንድ ሐምሌ የግብር ቀን አሳልፌ በራሴ ጥፋት ቅጣት ከፍያለሁ። ግብር ሰብሳቢው ዲስሌክሲያ ነበረበት ብሎ አይምርም። ከዚያ በኋላ መዝገቡን የምትይዘው እህቴ ናት፤ ደመወዝ እከፍላታለሁ፤ ቤተሰብ ነች ብዬ በነፃ አላሠራትም። የማትችሉትን ሥራ የሚችል ሰው ፈልጉ፤ ዋጋውንም ክፈሉ።

ወላጆች፣ ቤታችሁ ውስጥ ደብተር ሲያይ የሚያለቅስ፣ ሬዲዮ ሲያይ የሚስቅ ልጅ ካለ፣ እባካችሁ በዱላ አትድረሱበት። መምህራን፣ የኋላው ወንበር ላይ የተቀመጠውን ልጅ አንድ ቀን ጥያቄውን በቃል ጠይቁት፤ መልሱን ስሙት።

እናቴ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ጠዋት ስንወጣ “ወረቀትህ ባዶ መሆኑን ለሰዉ ልትናገር ነው?” አለችኝ። “አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ” አልኳት።

ተመራቂዎች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ደንበኛ በራችሁ ላይ ይቆማል። ልባችሁ ይመታል፤ “ሁሉን እችላለሁ” ለማለት ያምራችኋል። አትበሉ። “ይህን እችላለሁ፣ ይህን አልችልም፣ ሐሙስ ይደርሳል” በሉ።

ሐሙስም ይድረስ።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።